መጀመሪያ ሆስቱ፣ ከዚያ ማሽኖቹ

ሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። እኔ ገና ታክሲ ውስጥ ነኝ። መጀመሪያ የደወለችልኝ ከሁሉም ቀድማ ቢሮ የምትገባ አንዲት አርክቴክት ናት። «ወንድሜ፣ ስክሪኔ ምን ሆኖ ነው? ሁሉም ነገር ገዝፎ ነው የሚታየኝ። ሁለተኛው ሞኒተሬ ደግሞ ጭራሽ አልበራም» አለችኝ። እስቲ ውጪና እንደገና ግቢ አልኳት። ተናግሬ ሳልጨርስ ሌላ ስልክ ገባ። ከዚያ ሌላ። ቢሮ ስደርስ 45 ሰው እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። አንዳንዱ ቡና ሊጠጣ ወርዷል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬ የሚያስረክበው ፕላን ስላለ ፊቱ ጠቁሯል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግራፊክስ ድራይቨር (የስክሪን ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጌ ነበር። ድራይቨሩ ምንም ችግር የለበትም። ያደረግኩበት ቅደም ተከተል ነው የተሳሳተው። ያን ቀን የተማርኩትን በደንብ ልጽፈው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚያስተዳድሩ ወዳጆቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው በተደጋጋሚ ይመጣሉ፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ደግሞ አላገኘሁም።

መጀመሪያ አሠራራችንን ላስረዳ። መሥሪያ ቤቱ የምህንድስና አማካሪ ነው። ዲዛይነሮቹ ጠረጴዛቸው ላይ ያላቸው ትንሽ ሳጥንና ሁለት ሞኒተር ብቻ ነው። እውነተኛው ኮምፒውተራቸው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ሆኖ። አራት ሰርቨሮች አሉን፣ ሁሉም ላይ ኢኤስኤክስአይ (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማሽን የሚያካፍለው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ተጭኗል፣ ዴስክቶፖቹን ለተጠቃሚ የሚያድለው ደግሞ ሆራይዘን ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ ሁለት የኤንቪዲያ ቲ4 የግራፊክስ ካርድ አለ። አንድ ቲ4 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። እኛ ለአንድ ማሽን 2 ጊጋባይት ነው የምንሰጠው፣ ስለዚህ አንድ ካርድ ለ8 ማሽን ይካፈላል፣ አንድ ሰርቨር 16 ማሽን ይይዛል ማለት ነው። ይህን ካርድ የማካፈል ሥራ የሚሠራው ቪጂፒዩ የሚባለው ቴክኖሎጂ ነው። ኦቶካድና ሬቪት የሚባሉትን የዲዛይን ሶፍትዌሮች የሚከፍት ሰው ያለ እሱ መሥራት አይችልም፣ ቢሞክርም ባለ ሦስት አውታር ሞዴሉን ለማዞር ሲል ጸጉሩን ይነጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በተራ ላፕቶፕ ላይ የግራፊክስ ድራይቨር አንድ ነው። ታወርዳለህ፣ ትጭናለህ፣ ሪስታርት ታደርጋለህ፣ አለቀ። በቪጂፒዩ ግን ድራይቨሩ ሁለት ነው። አንዱ ሆስቱ ላይ፣ ማለትም ማሽኖቹን በተሸከመው ሰርቨር ኢኤስኤክስአይ (ሃይፐርቫይዘሩ) ላይ ይጫናል፣ ካርዱን የሚቆራርሰው እሱ ነው። ሌላው ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ፣ ዊንዶውሱ ላይ ይጫናል። ሁለቱ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፣ «አንተ ስንተኛው ስሪት ነህ?» ይባባላሉ። ካልተግባቡ ሆስቱ ካርዱን ይነፍገዋል። ማሽኑ ይነሳል፣ ዊንዶውስም ይከፈታል፣ ነገር ግን ግራፊክሱ የድሮ ዘመን ይሆናል።

ሕጉ ቀላል ነው። ሆስቱና ማሽኑ በአንድ ዋና ስሪት ውስጥ ከሆኑ ይግባባሉ፣ ነጥብ ሁለት ይሁን ነጥብ አራት ችግር የለውም። ሆስቱ በአንድ ዋና ስሪት ከቀደመም ይግባባሉ። ለምሳሌ ሆስቱ 17 ሆኖ ማሽኑ 16 ቢሆን ይሠራል። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። አዲሱ ሆስት የድሮውን ማሽን ቋንቋ ያውቃል፣ የድሮው ሆስት ግን ገና ያልተወለደውን ቋንቋ ከየት ይማረዋል?

እኔ ያደረግኩት ያንን የተገላቢጦሹን ነው። ሆስቶቹ 16 ላይ ነበሩ። ዲዛይነሮቹ የሚጠቀሙበት አንድ የሬንደሪንግ ሶፍትዌር አዲሱን ስሪቱን ሲጭኑት «ድራይቨርህ አርጅቷል» የሚል መልእክት ማውጣት ጀመረ። ቅዳሜ ቢሮ ገባሁ፣ ጎልደን ኢሜጁን ከፈትኩ፣ የ17ን የዊንዶውስ ድራይቨር ጫንኩበት፣ ስናፕሾት (የዚያን ሰዓት ቅጂውን) አነሳሁ፣ ወደ ፑሉ (ወደ ዴስክቶፖቹ ስብስብ) ገፋሁት። ጎልደን ኢሜጅ ለማያውቅ፣ ሁሉም ዴስክቶፖች የሚቀዱበት እናት ማሽን ነው። እሷ ላይ የተደረገ ነገር ሁሉ 45 ቦታ ይባዛል፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ።

ሳልፈትሽ ወደ ቤት ሄድኩ ማለት አይደለም። ፈትሻለሁ። ጭነቱ ያለ ስህተት አለቀ፣ ሪስታርት ጠየቀ፣ አደረግኩ። ከዚያ በቪስፌር (ሰርቨሮቹን በምናስተዳድርበት ሶፍትዌር) ኮንሶል በኩል ላየው ስል ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ይሄ ደግሞ በቪጂፒዩ የተለመደ ነው። ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ምስሉን ካርዱ ይወስደዋል፣ የቪስፌሩ ኮንሶል ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ጥቁሩን ስክሪን ሳይ «ደግ፣ ድራይቨሩ ሠርቷል» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ መለስ ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ምስሉ ተመልሶ አገኘው ነበር፣ ምክንያቱም ካርዱ አልተሰጠውም። ከጥቁር ስክሪን ተነስቶ መደምደም እንዴት ያለ ስህተት እንደሆነ ከዚያ ቀን በኋላ አልረሳሁትም። ማየት ያለብህ በሩቅ ገብተህ ነው፣ ልክ ተጠቃሚው እንደሚገባው፣ በራሱ መንገድ።

ሰኞ ጠዋት ወደ አንዱ ማሽን ገባሁና ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትኩ። ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት። ከፍቼ ሳየው ኮድ 43። ኮድ 43 ብዙ አይነግርህም፣ «መሣሪያው ችግር ስላለበት ዊንዶውስ አስቁሞታል» ነው የሚለው። እውነቱ ያለው ዊንዶውሱ ውስጥ ሳይሆን ሆስቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን በራሱ ፎልደር ውስጥ ቪኤምዌር ሎግ የሚባል ፋይል አለው። እሱን ከፍቼ «ኢንኮምፓቲብል» የሚለውን ቃል ስፈልግ ወዲያው አገኘሁት። መልእክቱ በኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው፤ የገስቱ (የማሽኑ) ስሪት ሆስቱ ከሚደግፈው ከፍተኛ ስሪት በላይ ነው፣ ቪጂፒዩው ተዘግቷል። አንድ መስመር። ሁሉ ነገር እዚያ ተጽፏል። የቪጂፒዩ ችግር የገጠመው ሰው ሁሉ ዊንዶውሱ ውስጥ ሰዓታት ከማጥፋቱ በፊት መጀመሪያ ያንን ፋይል እንዲያይ እለምናለሁ።

መፍትሔው ፈጣን ነበር፣ ምክንያቱም የድሮውን ስናፕሾት አላጠፋሁትም። ፑሉን ወደ ዓርቡ ስናፕሾት መለስኩት፣ ሰዎቹ ወጥተው ሲገቡ አዲስ ማሽን ይሰጣቸዋል፣ 40 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። አንዳንድ ሰው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ አዲሱን እንደገፋ የድሮውን ስናፕሾት ይሰርዛል። እባካችሁ አትሰርዙ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ።

አንድ ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ፣ እሱንም ልንገራችሁ። የሆስቱና የዊንዶውሱ ድራይቨር ቁጥሮች አይመሳሰሉም። ለምሳሌ ቪጂፒዩ 16.2ን ስታወርድ በአንድ ዚፕ ውስጥ ሁለቱንም ታገኛለህ። የሆስቱ 535.129.03 ይላል፣ የዊንዶውሱ ደግሞ 537.70 ይላል። አንድ ጓደኛዬ ይህን አይቶ «አይገጥምም» ብሎ 535 የሚል የዊንዶውስ ድራይቨር ሲፈልግ ቀኑ መሸበት። ይገጥማል። መታየት ያለበት የጥቅሉ ቁጥር ነው፣ 16.2 የሚለው። ሁለቱም ከአንድ ዚፕ ከወጡ ጥንድ ናቸው። ለዚህ ነው እኔ የዊንዶውሱን ድራይቨር ለብቻው ከሌላ ቦታ የማላወርደው። ለተራ ላፕቶፕና ለጌም ካርድ ተብሎ በይፋ የሚለቀቀው የኤንቪዲያ ድራይቨር እዚህ አይሠራም። ከላይሰንስ ፖርታሉ የሚወርደው ራሱን የቻለ ጥቅል ነው። አዲስ አበባ ሆነህ ያንን ከባድ ፋይል ማውረድ ራሱ አንድ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ እኔ የወረደውን ሁሉ በስሪቱ ስም ፎልደር ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ።

በትክክል የሠራሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ መሀል አንብቤያለሁ፣ በወረቀትም ጽፌያለሁ።

መጀመሪያ ሒሳብ ሠራሁ። 45 ተጠቃሚ አለ። አንድ ሰርቨር 16 ማሽን ስለሚይዝ ሦስት ሰርቨር 48 ይይዛል። ስለዚህ አንዱን አውጥቼ ብሠራበት እንኳ ሌሎቹ ሦስቱ ሁሉንም ሰው ይችላሉ። ይህ ሒሳብ ካልወጣላችሁ አፕዴቱን በሥራ ቀን አታስቡት። በቪጂፒዩ ላይ ሜሞሪ እንደ ራም አይበደርም። 2 ጊጋባይት የተባለ 2 ጊጋባይት ነው፣ የአንድ ሰርቨር ሁለቱ ካርዶች ከሞሉ አስራ ሰባተኛው ማሽን አይነሳም። በቃ።

ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ያዝኳቸው። በሥራ ላይ ያለን ማሽን ሳያጠፉ ወደ ሌላ ሰርቨር ማሸጋገር ይቻላል፣ ለቪጂፒዩ ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ቪስፌር 6.7 አፕዴት 1 ጀምሮ ተፈቅዷል። ሆኖም ማሽኑ ሲሻገር ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንዶች ቀጥ ይላል፣ ሰው እየሣለበት ከሆነ ይደነግጣል። እኔ ቅዳሜን መረጥኩ። ማንም ስላልነበረ ማሽኖቹን ከሰርቨሩ አነሳሁ፣ ሰርቨሩን ሜንቴናንስ ሞድ (የጥገና ሁኔታ) ላይ አደረግኩ፣ የድሮውን የኤንቪዲያ ፓኬጅ አወጣሁ፣ አዲሱን ከአስተዳደር ዴሞኑ (ከጀርባ ከሚሠራው ረዳት ፕሮግራም) ጋር አስገባሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ። ሰርቨር ሪስታርት ሲያደርግ ያለው ያ ረጅም ዝምታ፣ ማራገቢያዎቹ መጀመሪያ ጮኸው ከዚያ ጸጥ ሲሉ፣ ስንት ዓመት ብሠራም አልለመድኩትም።

ተነሳ። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ትእዛዝ በሚጻፍበት መንገድ) ገብቼ የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ሰንጠረዡ መጣ፦ ሁለት ቲ4፣ ከላይ ደግሞ 550 ብሎ የሚጀምር የድራይቨር ቁጥር። ይህ ትእዛዝ መልስ ካልሰጠ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር መሄድ የለም። አንድ ሰርቨር ላይ ያለ ችግር የአንድ ሰርቨር ችግር ነው፣ አራቱ ላይ ከዘራኸው ግን ሰኞ ጠዋት ይጠብቅሃል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አራቱም ሆስቶች 17 ሆኑ፣ ማሽኖቹ ግን አሁንም 16 ናቸው። እንደዚያው ለቀቅኳቸው። ሆን ብዬ ነው። ሆስቱ በአንድ ዋና ስሪት ሲቀድም ይግባባሉ ብያለሁ አይደል? ይሄ ክፍተት የተሰጠን ለዚህ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ሌሊት ለመቀየር እንዳንገደድ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዎቹ በ16 ድራይቨር በ17 ሆስት ላይ ሠሩ፣ ማንም ምንም አላለም። ችግር ቢፈጠር ደግሞ ምክንያቱ ሆስቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የቀየረ ሰው የቱ እንደበደለው አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ ወደ ጎልደን ኢሜጁ ተመለስኩ። እዚህም ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ቪኤምዌር ቱልስ (ማሽኑን ከሆስቱ ጋር የሚያግባባው)፣ ከዚያ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ከዚያ የሆራይዘን ኤጀንት (ምስሉን ለተጠቃሚው የሚልከው)። ቱልሱ የራሱን የግራፊክስ ድራይቨር ይዞ ይመጣል፣ ኤጀንቱ ደግሞ ምስሉን ከየትኛው ካርድ እንደሚወስድ የሚያውቀው ካርዱ ቀድሞ ሲኖር ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ የሚመጣው ነገር ግራ ያጋባል፦ ሰው ይገባል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ከደቂቃ በኋላ ይቋረጣል። ስለዚህ ቱልስን ወይም ድራይቨሩን በነካሁ ቁጥር ኤጀንቱን በመጨረሻ እንደገና እጭነዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

አሁን ስለ ላይሰንሱ ላውራ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ትልቅ ትምህርቴ እዚያ ነው። ከላይ ካልኩት ሰኞ በፊት ነው የሆነው፣ ጉዳቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ ነው የመጣው።

ቪጂፒዩ ላይሰንስ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ማሽን ሲነሳ ከላይሰንስ ሰርቨር ፈቃድ ይበደራል። ሰርቨሩን እንዴት እንደሚያገኘው የሚነግረው አንድ ትንሽ የቶከን ፋይል ነው፣ በዊንዶውስ ላይ በኤንቪዲያ ፎልደር ስር ቪጂፒዩ ላይሰንሲንግ ከሚለው ውስጥ ይቀመጣል። ያን ጊዜ የድሮ ድራይቨር አላላቅቅ ብሎኝ ነበርና ከስሩ ነቅዬ ሳጸዳ የኤንቪዲያን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ጠረግኩት። ቶከኑም አብሮ ሄደ። አላስተዋልኩም።

አዲሱን ጫንኩ፣ ገባሁ፣ ኦቶካድ ከፈትኩ፣ ግራፊክስ ኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። የካርዱ ስም ግሪድ ቲ4-2ኪው ብሎ መጣ፣ ሃርድዌር አክስለሬሽን በርቷል። አንድ ከባድ ሞዴል ከፍቼ አዞርኩት፣ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። አሥር ደቂቃ ያህል ሞከርኩት። ደስ ብሎኝ ወደ ፑሉ ገፋሁት።

በማግስቱ ያቺው አርክቴክት መጣች። «ጠዋት ስገባ ጥሩ ነው። ቡና ጠጥቼ ስመለስ መስመሩ ይጎተታል። አይጤን ካቆምኩ በኋላ ነው የሚደርሰኝ» አለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ግድግዳ ስትስል አየሁ። ጠቋሚው ይሄዳል፣ መስመሩ ተቆራርጦ እየዘለለ ይከተለዋል። ወጥታ ስትገባ ወዲያው ይስተካከላል። ትንሽ ስትቆይ ይመለሳል። የኔትወርክ ችግር ነው ብዬ ግማሽ ቀን ስዊች ሳይ ዋልኩ።

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ላይሰንስ ያላገኘ ማሽን ከተነሳ በኋላ ለ20 ደቂቃ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። ከዚያ በሰከንድ የሚታየው ፍሬም 15 ላይ ይገደባል። 24 ሰዓት ሲሞላው 3 ላይ ይወርዳል። የኛ ማሽኖች ሰው ሲወጣ ስለሚታደሱ 3 ላይ ደርሰው አያውቁም፣ 15ቱ ላይ ብቻ ነው የሚቀሩት፣ ለዚህ ነው ልክ የኔትወርክ መጎተት የመሰለው። እኔ ደግሞ የሞከርኩት አሥር ደቂቃ ነው። ሃያውን ደቂቃ ብጠብቅ ኖሮ ያንን ሁሉ ሰው አላስቸግርም ነበር።

ስለዚህ አሁን ፈተናዬ ከግማሽ ሰዓት አያንስም። ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ገብቼ ሞዴል እከፍታለሁ፣ ከዚያ በማሽኑ ውስጥ ኤንቪዲያ ኤስኤምአይን በሰረዝ ኪው አስነስቼ የላይሰንሱን መስመር አያለሁ። ላይሰንስድ ብሎ የሚያበቃበትን ሰዓት ካልጻፈ ምንም ያህል ቢፈጥን አላምነውም። የማሽኑን ሰዓትም አያለሁ። ሰዓቱ ከተዛባ ፈቃዱ አይሰጥም፣ ያኔ ደግሞ ጥፋቱን ድራይቨሩ ላይ ትጭናለህ።

የላይሰንስ ሰርቨሩ የት ይሁን የሚለውም ለኛ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ኤንቪዲያ በራሱ ክላውድ ላይ የሚያስተዳድረው ነው፣ ምንም መጫን አይጠይቅም። ሌላው አንተ በራስህ ኔትወርክ ውስጥ የምታስነሳው ቨርቹዋል ማሽን ነው። የክላውዱ ቀላል ነው፣ ኢንተርኔትህ እስካልተቋረጠ ድረስ። የተበደርከው ፈቃድ በተለምዶ 24 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ኢንተርኔቱ ቀትር ላይ ቢቆረጥ ሥራ ላይ ያለው ሰው አይነካም። ግን እንደኛ በየመውጫው አዲስ ማሽን የምትሰጥ ከሆነ፣ አዲስ የተነሳው ማሽን የድሮውን ፈቃድ አይወርስም፣ አዲስ መበደር አለበት። መንገድ ቆፋሪ ፋይበር ቆርጦ ግማሽ ቀን ኢንተርኔት የጠፋበት ቀን ማን አላየም? በዚያ ቀን ምሳ በልቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ከ20 ደቂቃ በኋላ መስመር ይጎተትበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ ቢሮ ምክሬ የማያወላዳ ነው፦ በራሳችሁ ኔትወርክ ውስጥ አድርጉት፣ የሚቻል ከሆነም ሁለት አድርጋችሁ አጣምሯቸው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በጣም የቀለለ ነው። «ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋልቦክስ አለ፣ ኤንቪዲያ ካርድም አለኝ፣ ግን ማሽኑ ውስጥ የኤንቪዲያ ድራይቨር አልጫን አለኝ።» አይጫንም። በተለመደው አሠራር፣ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሱት ቨርቹዋልቦክስም ሆነ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ካርድህን ለማሽኑ አሳልፈው አይሰጡም፣ የራሳቸውን ምናባዊ ካርድ ነው የሚያሳዩት። የኤንቪዲያው ጫኝ ካርዱን ፈልጎ ስለሚያጣው ይተወዋል። አፕዴት የምታደርገው ገስት አዲሽንስን (የቨርቹዋልቦክሱን የራሱን የድራይቨር ጥቅል) ነው፣ በቪኤምዌር ከሆነ ደግሞ ቱልስን። ቨርቹዋልቦክሱን ካሳደግክ ገስት አዲሽንሱንም ወደዚያው ስሪት አሳድገው። ሊኑክስ ከሆነ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በተቀየረ ቁጥር ሞጁሉ እንደገና መገንባት ስላለበት የከርነል ሄደሮቹ መጫናቸውን አረጋግጥ፣ አለዚያ አንድ ጠዋት ስክሪኑ ጠባብ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ክላውድ ላይ የሚሠሩ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖች ደግሞ ስለ ማይክሮሶፍት ክላውድ ስለ አዡር ይጠይቁኛል። እዚያ ሆስቱን አታየውም፣ አትነካውምም። ኤ10 ካርድ ተቆራርሶ የሚሰጥባቸው ማሽኖች ላይ ማይክሮሶፍት ራሱ የሚያቀርበውን የግሪድ (የቪጂፒዩ) ድራይቨር ነው መጫን ያለብህ። ከሌላ ቦታ ያመጣኸው አዲስ ድራይቨር ከማታየው ሆስት ቀድሞ ይገኝና እኔ ሰኞ ጠዋት ያገኘሁትን ታገኛለህ። ሕጉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ሆስቱ የሌላ ሰው መሆኑ ነው። ማሽኖቹ የማይታደሱ፣ የአንድ ሰው ብቻ ከሆኑ ደግሞ ዊንዶውስ አፕዴት በራሱ ድራይቨር እንዳያመጣ በግሩፕ ፖሊሲ ዝጉት።

«ታዲያ ከሠራ ለምን ትነካዋለህ?» የሚሉኝ አሉ። ይገባኛል። ግን የግራፊክስ ድራይቨር ውስጥ የሚገኝ ቀዳዳ በቪጂፒዩ ላይ ከላፕቶፕ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ካርድ ብዙ ሰው ይጋራዋል። ሬሞትኤፍኤክስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት አሠራር የሚያስታውስ ካለ፣ በሃይፐርቪ ላይ ካርድ የሚያካፍል ነበር። ማሽን ውስጥ ያለ ሰው ሆስቱ ላይ ኮድ የሚያስኬድበት ቀዳዳ ተገኘበትና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 እንዲዘጋ ተደረገ፣ በሚያዝያ 2021 ጭራሽ ከዊንዶውስ ወጣ። በእሱ ላይ ዴስክቶፕ የገነባ ሁሉ ሌላ መንገድ ፈለገ። ስለዚህ መንካት አለብን። እኔ አሁን የምለው፣ አዲስ ስሪት የሚጠይቅ ሶፍትዌር ከሌለህ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባለው ስሪት ላይ ቆይ፣ በዚያው ውስጥ የሚወጡትን ነጥቦች ብቻ ተከተል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 16 እንደዚያ ነበር፣ ሲወጣ የሦስት ዓመት ድጋፍ ተሰጥቶት ነበር። 17 ግን የአንድ ዓመት ነበር። እኛ ወደ 17 የሄድነው ሬንደሪንጉ ስላስገደደን ነው። ያ ባይኖር 16 ላይ እንቆይ ነበር፣ ዛሬም የሚጠይቀኝን ሰው የምመክረው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባለው ስሪት ላይ እንዲቆይ ነው።

አንድ የቀየርኩት ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ የረዳኝ። ከዋናው ፑል ሌላ አራት ማሽን ብቻ ያለው የሙከራ ፑል ከፈትኩ። አዲሱ ድራይቨር መጀመሪያ እዚያ ይገባል። አንደኛውን ለዚያች አርክቴክት ሰጠኋት፣ ጠየቅኳት፣ እሺ አለች። እኔ ድራይቨር ስፈትን የማየው ቁጥር ነው፣ እሷ ግን የምታየው መስመር ነው። ቀኑን ሙሉ ስለምትስልበት እኔ በሳምንት የማላየውን በአንድ ጠዋት ታየዋለች።

ባለፈው ረቡዕ ከምሳ በኋላ መልእክት ላከችልኝ። «ሞዴሉ ደህና ይዞራል። ሁለቱም ሞኒተር በርቷል። ግን ጠቋሚው ሁለተኛው ሞኒተር ላይ ሲሻገር አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል።» ሄጄ አየሁት፣ እውነቷን ነው። ሁለቱን ሞኒተሮች እኩል ሬዞሉሽን ላይ ሳደርጋቸው ይቀንሳል፣ አይጠፋም። ለዋናው ፑል ገና አልለቀቅኩትም። ይሄ ያጋጠመው ሰው ካለ እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ።